ዳዲሳ ቀይ የለበሱ ዕለት

ባየሽ ሞትን የምትፈራ ሴት አልነበረችም። ሚኒሶታ ውስጥ በኒው ሆፕ ከተማና በአካባቢው አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው እየሄደች ስታጥብ፣ ስትመግብ፣ መድኃኒት ስታስውጥ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። ከምትረዳቸው መሀል ሁለቱ እጇ ላይ አርፈዋል። የሁለቱንም ዓይን ከድና፣ ቢሮ ደውላ፣ ቤተሰብ እስኪደርስ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብላ ጠብቃለች። በፈረንጆቹ 1997 ጥር ላይ የምትረዳቸው የአንዲት ህንዳዊት አሮጊት ልጅ ቪክራም «እናቴን ህንድ ድረስ ይዘሽልኝ ሂጂ» ያላት ቀን ግን ፈራች።

የቪክራም እናት ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። የልጅ ልጆቻቸው በአገራቸው ቋንቋ «ዳዲሳ» ይሏቸዋል፤ አያትዬ እንደማለት ነው። ባየሽም እንደዚያው ትጠራቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ ባየሽን «ቤቲ» ይሏታል። መጀመሪያ ሰሞን ስሟን መያዝ አቅቷቸው የፈረንጅ ስም ያወጡላት መስሏት ተቀይማለች፤ ልጄ ማለት መሆኑን የነገሯት ኋላ ነው። ሁለቱም እንግሊዝኛን ካደጉ በኋላ የተማሩ ናቸውና ሰዋስው ሳያስጨንቃቸው ይግባባሉ።

የዳዲሳ ባል በመስከረም ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አሮጊቷ በአገራቸው የሐዘን ልማድ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ በሦስተኛ ፎቅ አፓርታማቸው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው፣ የመኪና ማቆሚያውን በረዶ ሲያዩ ይውላሉ። ቪክራም እሑድ እሑድ ብቅ ይላል፤ ግሮሰሪ ያስገባል፣ ቢል ይሰበስባል፣ ይሄዳል። በገና ሰሞን አንድ ቀን ዳዲሳ የቀረበላቸውን ሳህን ገፋ አድርገው፣ «የተወለድኩበትን ግንብ ሳላይ እህል አልቀምስም» አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ቃላቸውን ጠበቁ።

ግንቡ ያለው ራጃስታን በሚባለው ደረቅ አገር፣ ኬሳርኮት በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የዳዲሳ ዘሮች ራጅፑቶች ናቸው፤ በየኮረብታው አናት ምሽግ እየሠሩ ይገዙ የነበሩ የጦር ሰዎች።

«እኔን ሥራ አንድ ሳምንት ይዞኛል» አለ ቪክራም። «ትኬቱ ተቆርጧል። አንቺ ይዘሻት ቅደሚ፣ እኔ በሳምንቱ እደርሳለሁ። ቢሮሽንም አስፈቅጄልሻለሁ። ካንቺ በቀር የማንንም ቃል አትሰማም።»

ባየሽ «ላስብበት» ብላ ወጣች።

ቤቷ ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ከአንድ የቬትናም ሱቅ በላይ ነው። ባሏ ፍቅሬ የኤርፖርት ታክሲ ድራይቭ ያደርጋል። ነገሩን ስትነግረው ካልሲውን እያወለቀ ነበር።

«ታዲያ ምን ቸገረሽ? አገር ታያለሽ» አላት።

«ቢሞቱብኝስ?»

«እዚህም ይሞታሉ።»

«እዚህ ስልክ እደውላለሁ፣ አምቡላንስ ይመጣል። እዚያ ግን በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ አሮጊት ይዛ መጥታ ገደለች ቢሉኝ ምን ብዬ ነው የምመልሰው? ፓስፖርት እንኳ የለኝም። የስደተኛ ወረቀት ነው የያዝኩት።»

«ወረቀቱ የአሜሪካ ነው እኮ፣ ባዩ።»

«ላዩ ላይ ስደተኛ ይላል።»

የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃቸው ኢየሩሳሌም ከቴሌቪዥኑ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «ማም፣ ዩ ካንት ኢቭን ዱ ኤስካሌተርስ» አለች። ተንቀሳቃሽ ደረጃ እንኳ አትችዪም ማለቷ ነው፤ እውነቷን ነው። ሜፕልዉድ ሞል ሲሄዱ ባየሽ ደረጃው ሲንቀሳቀስ ወደ ታች ካየች ይዞርባታል፤ ሁልጊዜ አሳንሰር ትፈልጋለች፤ እሱም ውስጥ ገብታ ዓይኗን ትጨፍናለች። ኮረብታ ላይ ያለ ግንብ ማለት ለሷ ምን ማለት እንደሆነ ልጅቷ ገብቷታል።

ፍቅሬ ካልሲውን ጠቅልሎ ጫማው ውስጥ ከተተና፣ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው። ከፈራሽ እምቢ በይ፤ ከተቀበልሽ ግን ዓይንሽን ከሳቸው እንዳታነሺ» አላት።

በማግስቱ እምቢ ልትል ነበር የሄደችው። ዳዲሳ ግን ገና ኮቷን ሳታወልቅ እጇን ያዙት። መዳፋቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ቀሎ፣ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር። «ቤቲ፣ አንቺ ካልመጣሽ ልጄ አይለቀኝም» አሏት። ያን ያህል ቃል ከአፋቸው ከወጣ ሳምንት አልፎት ነበር። ባየሽ እምቢ ማለት አልቻለችም።

ዴልሂ የደረሱት በአምስተርዳም በኩል ነው። ፓስፖርት የሚያየው መኮንን የባየሽን ወረቀት አገላብጦ አየ፤ ሌላ ሰው ጠራ፤ ሁለቱም ወረቀቱን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡና እሷን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ባየሽ በስደት ዘመኗ ካርቱም ውስጥ እንዲህ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታውቃለች። ዓይኗን ወረቀቷ ከገባበት በር ላይ አልነቀለችም። አንድ ሰዓት ያህል ሆነ። በመጨረሻ መኮንኑ ብቅ ሲል ዳዲሳ ለረጅም መንገድ ከሚቀመጡበት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በህንድኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ መኮንኑ ግን እንደ ተማሪ ቀጥ አለና ማኅተሙን መታ።

«ምን አሉት?» አለች ባየሽ ወደ ውጭ እየገፋቻቸው።

«የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩት» አሉ ዳዲሳ።

በባቡር አንድ ሌሊት ተጉዘው፣ ከዚያ የወንድማቸው ልጅ ማደን ሲንግ በጂፕ ተቀብሏቸው በእሾሃማ ቁጥቋጦና በአሸዋ መሀል ሲነዱ ቆይተው ከሰዓት በኋላ ኬሳርኮት ደረሱ። ከተማዋ ከአንድ ቀይ ኮረብታ ሥር የተዘረገፈች የጠባብ መንገዶችና የኖራ ቤቶች ጥርቅም ናት። ግንቡ ከበላይዋ ነው። ሰው የሠራው አይመስልም፤ ዓለቱ ራሱ ወደ ላይ ያደገ ነው የሚመስለው። ባየሽ አንገቷን ቀና አድርጋ ግድግዳው የት እንደሚያልቅ ስትፈልግ ምድር ተንሸራተተባትና የጂፑን በር ጨበጠች።

በማግስቱ ማደን ሲንግ እስከ ግንቡ በር ድረስ ወሰዳቸው። በሩ ሁለት ፎቅ ቤት ያህላል። ጦርነት ሲመጣ ዝሆን በግንባሩ እንዳይገፋው በየሳንቃው ላይ የጦር ጫፍ የሚያህል ሹል ብረት ተተክሎበታል። ከበሩ በስተግራ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም የተቀቡ የእጅ መዳፎች በድንጋይ ተቀርጸው ተደርድረዋል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለች ባየሽ።

ማደን ሲንግ ጉሮሮውን ጠረገና በእንግሊዝኛ መለሰላት። «የድሮ ነገር ነው። ባላቸው ሲሞት ከሬሳው ጋር እሳት የገቡ የቤተ መንግሥት ሴቶች ናቸው። ሲወጡ በዚህ በር አልፈው መዳፋቸውን አኑረው ሄዱ ይባላል። ዛሬ በሕግ የተከለከለ ነው።»

ባየሽን ያስፈራት የእጆቹ ማነስ ነበር። አንዳንዶቹ የኢየሩሳሌምን እጅ አያህሉም። ዞር ስትል ዳዲሳ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ተነሥተው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ የገዛ መዳፋቸውን ከአንደኛው ላይ ለጥፈዋል። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ዳዲሳ፣ እንሂድ፤ ፀሐይ ነው» አለች ባየሽ። አልሰሟትም። ሁለተኛ ጠርታ፣ በሦስተኛው ክንዳቸውን ይዛ ነው ያላቀቀቻቸው።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ባየሽን አንድ ሐሳብ ያዛት። እኚህ ሴትዮ የመጡት ሊያዩ አይደለም። የመጡት ሊሞቱ ነው።

ሐሳቡን ከራሷ ልታባርር ሞከረች። ቀኑ በሄደ ቁጥር ግን ምልክቱ እየበዛ መጣ። ዳዲሳ የወርቅ አምባራቸውን አውልቀው ለማደን ሲንግ ሚስት ሰጡ። የጆሮ ጉትቻቸውን ለሴት ልጇ ሰጡ። ባየሽንም ጠርተው የካሽሚር ሻላቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉና፣ «ሚኒሶታ ብርድ ነው፤ ለኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» አሏት። ባየሽ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይታለች። ሰው ዕቃውን ማደል ሲጀምር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። ሻሉ ትከሻዋ ላይ እንደ ድንጋይ ከበዳት።

ለማደን ሲንግ ሚስት በምልክት ልትነግራት ሞክራ ሴትዮዋ ምግብ የጠየቀቻት መስሏት ሳህን ሙሉ ጣፋጭ አመጣችላት። ለማደን ሲንግ ነገረችው። እሱም ሳቀ። «አክስቴ ናት፤ ሁልጊዜም እንዲህ ናት። ነገ ማለዳ ቪክራምን ልቀበል ጆድፑር እሄዳለሁ፤ ማታ እዚህ ነን። አንድ ቀን ነው፤ አትጨነቂ» አላት። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚለው አባባል ለሱ በቋንቋው ይኖር ይሆን ብላ አሰበች።

በነጋታው ጠዋት ማደን ሲንግ ጂፑን ትቶ በአውቶቡስ ሄደ። ባየሽ የዳዲሳን ሻይ ይዛ ወደ ክፍላቸው ገባች፤ ገብታም በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

ዳዲሳ ቀይ ለብሰዋል። ሰፊ ቀይ ቀሚስ፣ ጠርዙ በወርቅ ክር የተጠለፈ ቀይ የራስ መሸፈኛ። ከስንት ዘመን ሣጥን እንደወጣ እንጃ፣ የብል መከላከያ ይሸታል። ዓይናቸውን ተኩለዋል። የማደን ሲንግ ሚስት ከባየሽ ኋላ መጥታ ስታይ አፏን በመሸፈኛዋ ይዛ ምንም ሳትል ተመልሳ ሄደች። በዚያ አገር ባል የሞተባት ሴት ቀይ እንደማትለብስ ባየሽ ያንጊዜ አላወቀችም፤ የሴትዮዋ ፊት ግን በቂ ነበር።

«ዛሬ ግንቡን እናያለን» አሉ ዳዲሳ። «እኔና አንቺ ብቻ።»

«ቪክራም ይምጣና ነገ አብረን...»

«ዛሬ አልኩሽ፣ ቤቲ።»

ከሰዓት በኋላ የቤቱ ሹፌር በጂፑ እስከ ውስጠኛው አደባባይ አወጣቸው። በረኛው ቢም ሲንግ ይባላል፤ ጢሙ እስከ ጉንጩ የተጠቀለለ፣ ቀይና ቢጫ ጥምጥም የጠመጠመ ረጅም ሽማግሌ ነው። ዳዲሳን ሲያይ ጎንበስ ብሎ መሬት ነካ። ሌላ ጎብኚ አልነበረም። ፊታቸው እንደ ከሰል የጠቆረ ረጃጅም ዝንጀሮዎች ከየጣሪያው ላይ ተቀምጠው ያይዋቸዋል።

ዳዲሳ ተሽከርካሪ ወንበሩን አልፈልግም ብለው በባየሽ ክንድ ተደግፈው የቤተ መንግሥቱ ሴቶች ተለይተው ይኖሩበት ወደነበረው ቤት ገቡ። ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። የሌሊት ወፍ ኩስ ይከረፋል። የመስኮቶቹ ቦታ በሙሉ እንደ ጥልፍ በተበሳ ድንጋይ ተደፍኗል፤ ብርሃኑ በነጠብጣብ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። ዳዲሳ አንዱ ቀዳዳ ላይ ዓይናቸውን አደረጉ።

«ዓለምን ያየሁት ከዚህ ነው» አሉ። «አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ። ወንድሞቼ ግንቡ ላይ በክር የተያዘ የወረቀት ካይት ሲያበሩ እሰማቸዋለሁ፤ ለሴት ግን ግንቡ ላይ መውጣት አይፈቀድም። ስዳርም መጋረጃ በተጋረደ መኪና አወጡኝ። ከተማዬን ከላይ አይቻት አላውቅም።» ትንሽ ቆዩና፣ «ውሃ ጠማኝ። ከጂፑ አምጪልኝ» አሉ።

የፍቅሬ ቃል በባየሽ ጆሮ አቃጨለ። ነገር ግን ከንፈራቸው ደርቋል፤ ጂፑም ቅርብ ነው። ድንጋይ ላይ አስቀምጣቸው ሮጠች። ሹፌሩ ተኝቶ ስለነበር እስኪከፍትላት ብዙ ደቂቃ ቆየች። ሮጣ ተመለሰች።

ድንጋዩ ባዶ ነው።

«ዳዲሳ!» አለች። ግድግዳው ድምፅዋን ተቀብሎ ከየክፍሉ መለሰላት። ወደሚቀጥለው ክፍል ገባች። ባዶ። ወደሚቀጥለው። ባዶ። በሦስተኛው ክፍል ጥግ፣ ወደ ጨለማ ከሚገባ ጠባብ ደረጃ አፍ ላይ፣ የዳዲሳ ነጠላ ጫማዎች ጎን ለጎን ተስተካክለው ተቀምጠዋል።

ቅዱስ ቦታ የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል። ሌላም ጊዜ ሰው ጫማውን አስተካክሎ አስቀምጦ ይሄዳል፤ እሱን ማሰብ አልፈለገችም።

ደረጃው ሁለት መንገድ ነው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። የታችኛውን መረጠች፤ ለምን እንደመረጠችው ታውቃለች፤ የላይኛውን ስለፈራች ነው። ሲያልቅ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ኩሬ አፍ ላይ ወጣች። በአራት ማዕዘን ተጠርቦ የተቆፈረ ነው፤ ውሃው አረንጓዴ፣ ዝም ያለ። መሀሉ ላይ ቀይ ነገር ተንሳፍፏል።

ባየሽ ጮኸች። የጮኸችው በአማርኛ ነው፤ «እማምላክ!» ብላ ነው። በሆዷ ተኝታ፣ ደረጃው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ፣ ዓይኗን አፍጥጣ አየች። ጨርቅ ነው። ትንሽ፣ የተቀዳደደ፣ ከመቅደስ የተጣለ ባንዲራ ይሁን ምን፣ ጨርቅ ብቻ። የሞተ ሰው አለማየቷን እያወቀች ጥርሷ መንገጫገጩን አላቆመም።

ጩኸቱን ሰምቶ ቢም ሲንግ ቁልፍ እያንቃጨለ መጣ። ባየሽ ወደ ደረጃው መልሳ ጫማዎቹን አሳየችው። ሽማግሌው ጫማዎቹን አየ፤ ቀና ብሎ ደረጃውን አየ፤ ፊቱ ተለወጠ። በጣቱ ወደ ላይ ጠቆመና በእንግሊዝኛ የሚያውቃትን አንዲት ቃል ተናገረ። «ብሮክን» አለ። «ብሮክን፣ ብሮክን።» ግንቡ ላይኛው በኩል ፈርሷል ማለቱ ነበር።

ደረጃው ጨለማ ነው። ባየሽ ግድግዳውን በሁለት እጇ እየዳበሰች፣ የሌሊት ወፎች በፀጉሯ አጠገብ ሽው እያሉ፣ «በስመ አብ፣ በስመ አብ» እያለች ወጣች። ሽማግሌው ከኋላዋ ያለከልካል። መጨረሻው ላይ ነፋስ ፊቷን መታትና ብርሃን አየች፤ ከብርሃኑም ጋር ሰማይን ብቻ።

ግንቡ አናት ላይ ናቸው። መሄጃው ሁለት ክንድ ቢሰፋ ነው። በአንድ በኩል ግቢው፣ በሌላው በኩል ገደሉ። የገደሉ መከለያ እየፈረሰ መሄጃውም ተሸራርፏል። ከሃያ እርምጃ ወዲያ፣ መከለያው ጨርሶ በሌለበት፣ ዳዲሳ በባዶ እግራቸው ተቀምጠዋል። ቀዩ ቀሚስ በነፋስ እንደ ሸራ ይነፋል። እግራቸው ወደ ገደሉ ተንጠልጥሏል።

የሆነው ሁሉ በኋላ ሲታወሳት ባየሽ በመጀመሪያ የሚመጣባት የራሷ ጉልበት ነው። ቁም አለችው፤ አልቆመም። ስለዚህ ተንበረከከች፤ ከዚያ በሆዷ ተኛች፤ ደረቷን ከድንጋዩ ጋር አጣብቃ እንደ ሕፃን ዳኸች። ወደ ቀኝ አላየችም። ከፊቷ ያለውን ድንጋይ ብቻ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ብቻ አየች። አንዴ ጠጠር ከክንዷ ሥር ሾልኮ ወደቀ፤ መሬት ሲመታ ለመስማት ጠበቀች፤ ምንም አልሰማችም።

«አትንኪኝ» አሉ ዳዲሳ ዞር ሳይሉ።

«አልነካዎትም» አለች ባየሽ። አጠገባቸው ደርሳለች፤ የቀሚሳቸውን ጫፍ በጡጫዋ ጨብጣለች፤ እሳቸው አላዩም። «ልጠይቅዎት። ሊሞቱ ነው እዚህ የወጡት?»

ዳዲሳ ወደ ታች ተመለከቱ። ከበታቻቸው ከተማው ነበር፤ የቤቶቹ ጣሪያ፣ የምድጃ ጭስ፣ እንደ ጉንዳን የሚንቀሳቀስ ሰው።

«ጠዋት ቀዩን ስለብስ እንደዚያ አስቤ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እዚያ አፓርታማ ውስጥ ማንም ሳያየኝ ከማልቅ እዚህ፣ ሁሉም እያየኝ፣ ብዬ። ወጣሁ። ከተማዬን አየኋት። ከዚያ...» ድምፃቸው ተሰበረ። «ፈራሁ፣ ቤቲ። ወደዚያም መሄድ አልቻልኩ፣ መመለስም አልቻልኩ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ። መሞት የሚፈልግ ሰው ይፈራል እንዴ?»

«ይፈራል» አለች ባየሽ። «እኔ ምንም ሳልፈልግ ይኸው ሱሪዬን ላረጥብ ነው።»

ዳዲሳ ሳቁ ይሁን አለቀሱ አልታወቃትም፤ ትከሻቸው ብቻ ተርገበገበ፤ ሲርገበገብም ወደ ገደሉ ትንሽ ተንሸራተቱ። ባየሽ በሁለት እጇ ወገባቸውን ይዛ ድንጋዩ ላይ ተጣበቀች። ከዚያ ወዲያ አንድ ጣት ማንቀሳቀስ አልቻለችም። ሁለቱም እዚያው ደርቀው ቀሩ። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራለች፤ ነፋሱ እየበረታ ነው።

ከኋላቸው የቢም ሲንግ ድምፅ ተሰማ። ባየሽ አንገቷን ብቻ ዞር አድርጋ አየች። ሽማግሌው የደረጃው አፍ ላይ ቆሞ ጥምጥሙን እየፈታ ነው። ጨርቁ አያልቅም፤ ፈታው፣ ፈታው፣ ክንዱ ላይ ጠቀለለው፤ ራሱ ራሰ በራ ሆኖ በነፋሱ ውስጥ ሌላ ሰው መሰለ። አንዱን ጫፍ ያልፈረሰው መከለያ ላይ አሰረና ሌላውን ወረወረላት። መጀመሪያ ነፋስ ወሰደው። ሁለተኛም ወሰደው። በሦስተኛው ባየሽ ክንዷ ላይ አገኘችው።

በዳዲሳ ብብት ሥር አዙራ አሰረች፤ ከዚያ በራሷ ወገብ። «ወደ ታች እንዳይዩ። እኔን ብቻ ይስሙ» አለቻቸው። ቢም ሲንግ ሳበ። ሁለቱ ሴቶች በቂጣቸው እየተንፏቀቁ፣ አንዷ በህንድኛ ሌላዋ በአማርኛ እየጸለዩ፣ ስንዝር በስንዝር ተመለሱ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ባየሽ አስመለሳት። ቢም ሲንግ የራሱን ሻል ለዳዲሳ አለበሳቸውና ፊቱን አዞረላቸው፤ ማልቀሱን እንዳያዩበት ይመስላል።

ጂፑ ውስጥ ዳዲሳ የባየሽን እጅ ያዙ። «ለቪክራም አትንገሪው» አሉ።

ባየሽ ሻሉን አንገታቸው ላይ አጠበቀችላቸው።

«ቤቲ። እንዳትነግሪው።»

ማታ ቪክራም ከነአቧራው ሲገባ እናቱ ነጫቸውን ለብሰው እራት ላይ ነበሩ። ደህና ናችሁ ወይ አለ፤ ደህና ነን አሉ። ባየሽ እግሩ ሥር ያለውን ምንጣፍ እያየች የምትናገረውን ታሰላስላለች። ብትናገር ቸል አልሽ ብሎ ያባርራታል፤ ቢሮው ሥራዋን ይነጥቃታል፤ ፖሊስ ቢጠራ ያ ወረቀቷ አለ። ዝም ብትል ደግሞ፣ ኒው ሆፕ ያለው መስኮት ሦስተኛ ፎቅ ነው። መስኮቱ ወሰነላት። ቪክራም እጁን ሲታጠብ ተከትላው ወጥታ ጓሮው ውስጥ ሁሉንም ነገረችው። ሲያድሉ የሰነበቱትን ዕቃ፣ ቀዩን ቀሚስ፣ ጫማውን፣ ግንቡን።

«ጥለሻት ሄድሽ?» ብሎ ጮኸባት። «ለዚህ ነው ያመጣሁሽ?»

«አዎ፣ ውሃ ላመጣ ጥያቸው ሄድኩ። ጥፋቴ ነው» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አላቋረጠችም። «አንተ ግን እሑድ እሑድ ስትመጣ ምን እንዳየህ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

ከዚያ የሚላትን ጠበቀች። ውሃው ባልዲውን ሞልቶ እየፈሰሰ ቪክራም ቧንቧውን ሳይዘጋ ቆመ። ኋላ የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእርጥብ እጆቹ ሸፈነ።

ዳዲሳ ነገሩን ከልጃቸው ፊት አነበቡት። እስከ ዴልሂ፣ ከዴልሂ እስከ ሚኒያፖሊስ ለባየሽ አንዲት ቃል አልተናገሯትም። አውሮፕላን ውስጥ ስትሸፍናቸው ብርድ ልብሱን ገፉት። ቤት እንደገቡ ለቢሮው አስደውለው ሌላ ሰው አስላኩ። ባየሽ ሌላ ቤት ተመደበች፤ ሽማግሌ ኖርዌጂያን፣ ጨዋ ሰው። ሥራዋን ሠርታ ትመለስ ነበር፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን እቃ ከእጇ ይወድቃል። ፍቅሬ «ትክክሉን ነው ያደረግሽው» ይላታል። እሷም ታውቃለች፤ ማወቋ ግን አላስተኛትም።

በመጋቢት መጨረሻ፣ በረዶው ጥቁር ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ኢየሩሳሌም ስልክ አንሥታ ሰጠቻት። የዳዲሳ ድምፅ ነበር። ሰላምታ የለ፣ ይቅርታ የለ። «ይህቺ የላኩብኝ ልጅ ሻዩን በማይክሮዌቭ ነው የምታፈላው» አሉ። «ነገ ነይ።»

አፓርታማውን ለቀዋል፤ ቪክራም ቤት ታች ምድር ላይ ያለ ክፍል ተሰጥቷቸው ገብተዋል። ሐኪም የሐዘን መድኃኒት አዞላቸዋል፤ ቪክራም ማታ ማታ አብሯቸው ይበላል። ስለ ግንቡ አንድም ቀን አላነሡም፤ ባየሽም አልጠየቀችም። ቀን ቀን ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ሥራና ትምህርት ስለሚሄድ ባየሽ ስትመጣ ዳዲሳ ብቻቸውን ናቸው። በየጠዋቱ ቁልፏን ከተተች በኋላ አታዞረውም፤ ጆሮዋን በሩ ላይ አድርጋ ትቆማለች። ማንኛውንም ድምፅ፣ ሳልም ቢሆን ቴሌቪዥንም ቢሆን፣ እስክትሰማ ድረስ ትጠብቃለች። አንዳንድ ቀን ቶሎ ይሰማል፤ አንዳንድ ቀን ይዘገያል። ከዚያ ስታዞረውና በሩን ገርበብ ስታደርገው ከውስጥ፣

«ዝጊው እንጂ! ብርዱን ሁሉ አስገባሽብኝ!» ይሏታል።

ባየሽም ትዘጋዋለች፤ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ ብላ እስትንፋሷ እስኪመለስላት እዚያው ትቆያለች።